ጨረቃን ከአንድ ስፍራ መከታተል
(ለየቲም ቤተሰቦችና ለማኅበሩ ደጋፊዎች ከቀረበ ንግግር)

  

 

ዛሬ የማነሣው ስለ ጨረቃ ነው። ጉዳዩ ከየቲሞች ድጋፍ የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ባሏ የሞተባት እናት ዒዳዋን የምትቆጥረው፣ የየቲሙ ዕድሜ የሚሰላው፣ የዘካው ዓመት የሚሞላው በጨረቃ ነው። ሆኖም ብዙዎቻችን ጨረቃን የምናስታውሳት በረመዷንና በዒድ ዋዜማ ብቻ ነው።

እኔ ያደግሁት ደሴ ነው። ከተማይቱን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው በስተ ምዕራቧ የጦሳ ተራራ ቆሞባታል። በመድረሳ ሳለሁ በአንድ የሻዕባን 29ኛ ቀን ምሽት ከጦሳ በላይ ቀጭን የብርሃን ክር አየሁና «ሂላል ታየ!» እያልኩ ወደ ሸይኻችን ሮጥኩ። እሳቸውም ረጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ጨረቃዋ የት ነበረች?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለሱብሒ ስነሣ በምሥራቅ ቀጥና አይቻት ነበርና እንደዚያው ነገርኳቸው። «እንግዲያስ ያየኸው የደመና ጠርዝ ነው» አሉኝ። ጎሕ ሲቀድ በምሥራቅ በዓይን የታየች ጨረቃ በዚያው ቀን ምሽት በምዕራብ በዓይን አትታይም። ፀሐይን ቀድማ ወጥታ በዓይን የታየችው ከፀሐይ በኋላ የምትገባ ሆና በዓይን እስክትታይ ድረስ ከአንድ ቀን የበለጠ ጊዜ ያስፈልጋታል። እኔ ግን ይህን ባለማወቄ ሕዝብ የሚጾምበትን ምስክርነት ልሰጥ ምንም አልቀረኝም ነበር። ሸይኻችን አልተቆጡኝም፤ «አንድ ወር ሙሉ ከአንድ ቦታ ቆመህ ተመልከት» ብለው አዘዙኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ምሥራቁም ምዕራቡም ገለጥ ያለ አንድ ቦታ ምረጡ፤ ወሩን ሙሉ ከዚያው ቁሙ። ዛፍ፣ ሚናራ ወይም የቤት ጣሪያ ምልክት አድርጋችሁ ያዙ። ቀኑን፣ የወጣችበትን ወይም የገባችበትን ሰዓትና ቅርጿን በደብተር መዝግቡ። በተራራ ግርጌ ያላችሁ ግን አዲሷ ጨረቃ ዝቅ ብላ ስለምትውል ተራራው ሊጋርዳችሁ ይችላልና ለመጀመሪያው ምሽት ከፍ ወዳለ ሜዳ ውጡ።

በመጀመሪያው ምሽት ሂላል ፀሐይ በገባችበት አቅጣጫ ትታይና ብዙ ሳትቆይ ትጠልቃለች። በአገራችን ሰማይ ብዙውን ጊዜ እንደ በሬ ቀንድ ሁለት ጫፏን ወደ ላይ አድርጋ ነው የምትታየው። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ከፍ ብላ ታገኟታላችሁ፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ብትለኩት የራቀችው ከአንድ ጡጫ ጥቂት ይበልጣል። መውጫዋና መግቢያዋ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በ7ኛው ሌሊት ገደማ ግማሽ ሆና ፀሐይ ስትገባ ከአናታችን አካባቢ ትሆናለች፤ የምትጠልቀውም እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። በ14ኛው ወይም በ15ኛው ሌሊት ፀሐይ በምዕራብ ስትገባ እሷ ሙሉ ሆና በምሥራቅ ትወጣለች። በ22ኛው ገደማ እንደገና ግማሽ ሆና እኩለ ሌሊት ላይ ትወጣለች፤ ረፋዱ ላይም በምዕራብ ሰማይ ነጣ ብላ ትታያለች። በመጨረሻም ጎሕ ሲቀድ በምሥራቅ ቀጥና ትታይና ትሰወራለች። ዙሩ በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይፈጃል፤ ወሩ አንድ ጊዜ 29፣ አንድ ጊዜ 30 የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ልጆች «ለምን ትጎድላለች?» ብለው ይጠይቃሉ። «የምድር ጥላ አርፎባት ነው» ብላችሁ አትመልሱ። የምድር ጥላ የሚያርፍባት በግርዶሽ ጊዜ፣ ያም ሙሉ ስትሆን ብቻ ነው። በጨለማ ክፍል ፋኖስ አብሩ፤ ልጁ ብርቱካን በእጁ ዘርግቶ ይዙር። ከብርቱካኑ ምንጊዜም ግማሹ ብሩህ ነው፤ ልጁ ከብሩሁ ወገን የሚያየው ግን እንደ ቆመበት ይለያያል። የጨረቃም ነገር እንዲሁ ነው።

ቦታም ልዩነት ያመጣል። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው ኩረይብ በሻም የረመዷን ሂላል በጁምዓ ሌሊት መታየቱን ለኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ሲነግራቸው፣ እሳቸው በመዲና የታየው በቅዳሜ ሌሊት መሆኑን ገልጸው በራሳቸው እይታ ጸንተዋል። ዑለማዎች በዚህ ጉዳይ ላይ የተለያየ አቋም አላቸው፤ ሁለት አገር በአንድ ምሽት እኩል ላያይ መቻሉን ግን ሰማዩ ራሱ ይመሰክራል።

አሁን ወደ የቲሞቻችን ልመለስ። የጨረቃ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነው፤ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ያንሳል። ዘካውን ከመስከረም እስከ መስከረም እየቆጠረ 33 ጊዜ ያወጣ ሰው በጨረቃ 34 ዓመት አልፎታል። ሳያውቀው የአንድ ዓመት የድሆችና የችግረኛ የቲሞች ሐቅ በእጁ ቀርቷል ማለት ነው። በሻፍዒይ መዝሀብ ሌላ ምልክት ያልታየበት ልጅ 15 የጨረቃ ዓመት ሲሞላው ለአካለ መጠን ይደርሳል። ይህም በፀሐይ አቆጣጠር 14 ዓመት ከስድስት ወር ተኩል ያህል ነው። የልጁን ገንዘብ የያዘ አሳዳጊ በፀሐይ ከቆጠረ፣ ልጁ ንብረቱን በአግባቡ ለመያዝ የበቃ ሆኖ ሳለ 163 ቀን ያህል ያዘገይበታል።

ስለዚህ ደጋፊዎቻችን ዘካችሁ የሚሞላበትን ቀን በሂጅራ ጻፉት። እናቶችና አሳዳጊዎች ደግሞ ከመጪው ሂላል ጀምሮ ለልጆቻችሁ አንድ ደብተር ስጧቸው። በክረምት ሰማዩ ሲደፈን ልጁ «አልታየችም» ብሎ ይጻፍ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰማዩ በተጋረደ ጊዜ ወሩን 30 እንድንሞላ ያዘዙን፣ ያላየነውን አየን እንዳንል ነው። ዛሬ ያላየውን ጨረቃ አየሁ የማይል ልጅ፣ ነገ የሰው አማና በእጁ ሲገባ ያልተቀበለውን ተቀበልኩ፣ ያልከፈለውን ከፈልኩ አይልም።

አላህ (ሱ.ወ) የቲሞቻችንን በእውቀትና በአማና ያሳድግልን፤ የለጋሾችን ስጦታ ይቀበል። አሚን።