ውል ከታሰረ በኋላ «ተለወጠ» ቢሏችሁ



ፊደል ቆጥራችኋል። ቃል ከቃል ገጥማችሁ ማንበብ ችላችኋል። ስማችሁን መጻፍ፣ መደመርና ማባዛትም ለምዳችኋል። እኛ ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ተማሪዎች ግን ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ፤ «ይኸ ትምህርት ለምን ይረባናል?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ በአንድ ነገር ብቻ እንመልሳለን፤ እሱም የዱቤ ግዢ ውል ነው።

ከደባርቅና ከዳባት ወደ ጎንደር የሚወርድ ገበሬ ዛሬ ገብሱን ሽጦ፣ ጨውና ልብስ ገዝቶ ብቻ አይመለስም። ለልጁ ባጃጅ የሚገዛ አለ። ከጎረቤቶቹ ጋር ተባብሮ ወፍጮ ወይም ኢሱዙ የጭነት መኪና የሚገዛም አለ። ገንዘቡ ካልሞላ በዱቤ ይገዛል። ዱቤ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉው ውሉን ሳያውቁ መግባት ነው።

ምሳሌ እንስጥ። አንድ ገበሬ በሬዎቹን ሸጦ ለልጁ ባጃጅ ገዛ እንበል። ዋጋው 300,000 ብር ነው። 120,000 ብር በቅድሚያ ከፈለ። የቀረውን 180,000 ብር በ18 ወር፣ በየወሩ 10,000 ብር ሊከፍል ተዋዋለ። ሻጭም ገዢም ፈረሙ። ምስክሮችም ፈረሙ። ገበሬው የመጀመሪያውን ወር ከፈለ። በሁለተኛው ወር ሻጩ አስጠራው።

«አባቴ፣ ዶላር ጨምሯል። ከእንግዲህ በየወሩ 13,000 ብር ነው የሚከፍሉት። እዚች ላይ ይፈርሙ።»

«ኧረ ልጄ፣ 10,000 ነው እኮ የተባባልነው!»

«እሱማ የድሮው ነው። ካልፈረሙ ባጃጁን እንወስዳለን።»

እስቲ እርሳሳችሁን አንሡ። በወር የተጨመረው 3,000 ብር ነው። የቀረው 17 ወር ነው። 3,000 በ17 ሲባዛ 51,000 ብር ይሆናል። በአንዲት ፊርማ 51,000 ብር ከቤት ወጣ ማለት ነው።

ሻጩ ስለ ዶላሩ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ቀን ወደ 74 ብር ገደማ ወጥቷል። ዶላር ሲወደድ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃም ይወደዳል። ነገር ግን የምንጠይቀው «ዕቃው ተወዷል ወይ?» ብለን አይደለም። «ውላችን ምን ይላል?» ብለን ነው። እናንተ ገብስ በዱቤ ሸጣችሁ፣ ከወር በኋላ ገበያው ቢረክስ፣ ገዢው መጥቶ «ቀንሱልኝ» ቢል ትቀንሳላችሁ? አትቀንሱም። እንግዲያው ሲወደድም እንዲሁ ነው።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛሬም ይሠራበታል። በቁጥር 1731 በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል ይላል። በቁጥር 1794 ደግሞ ለሥራው የሚያስፈልግ ጥሬ ዕቃ ዋጋው ቢጨምር ወይም ቢቀንስ፣ «ከአቅም በላይ ሆነብኝ» ብሎ ከውል መውጣት እንደማይቻል ያሳያል። ስለዚህ ሻጭ ብቻውን ውል አይለውጥም። ለመለወጥ የሁለታችሁ ስምምነት ያስፈልጋል።

ግን ልብ በሉ! በአዲሱ ወረቀት ላይ ከፈረማችሁ ተስማማችሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የድሮውን ውል ይዞ መከራከር ይከብዳል። እንደዚሁም የመጀመሪያው ውል ራሱ «ሻጩ እንደ ገበያው ሁኔታ ዋጋውን ሊያሻሽል ይችላል» የሚል መስመር ቢኖረው፣ ሻጩ ያንን መዝዞ ያመጣባችኋል።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ አይደርስም። በአሜሪካ አንዳንድ መኪና ሻጮች ብድሩ ሳይጸድቅ መኪናውን ለገዢው ሰጥተው ይሸኙታል። ከቀናት በኋላ «ብድሩ አልሆነም፤ ወለዱ ይጨምራል፤ መጥተህ እንደገና ፈርም» ይሉታል። ለቀቅ አድርገው መልሰው ስለሚስቡት፣ በክር በሚጎተት የልጆች መጫወቻ ስም «ዮዮ» ይሉታል። በዚያ አገር ዘመድ ያላችሁ ንገሩት፤ ብድሩ መጽደቁን በጽሑፍ ሳያይ መኪናውን ይዞ አይውጣ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከመፈረማችሁ በፊት፦

1. ውሉን ከላይ እስከ ታች ራሳችሁ አንብቡ። ከከበዳችሁ የምታምኑት ሰው ያግዛችሁ። ሻጩ ባነበበላችሁ ብቻ አትፈርሙ።

2. አራት ቁጥር ፈልጉ፦ ጠቅላላ ዋጋ፣ በቅድሚያ የተከፈለ፣ የወሩ ክፍያ፣ የወሩ ብዛት። አባዝታችሁ ደምሩ። ካልገጠመ ጠይቁ።

3. ዋጋ ስለ መለወጥ የሚናገር መስመር ካለ ይሰረዝ በሉ። በስርዙ አጠገብ ሁለታችሁም ፈርሙ።

4. ሊብሬው መቼና በማን ስም እንደሚሆን ይጻፍ።

5. ባዶ ቦታ በተተወበት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። አንዱን ቅጂ ይዛችሁ ውጡ።

በኋላ «ተለወጠ» ቢሏችሁ፦

1. አትጣሉ፤ አትፈርሙም። «ወረቀቱን ስጡኝ፤ ቤቴ ወስጄ ላንብበው» በሉ።

2. የቀድሞውን ክፍያ አታቋርጡ። በቀኑ በባንክ አስገቡ፤ ደረሰኙን አስቀምጡ። ካቋረጣችሁ ጥፋቱ ወደ እናንተ ይዞራል። ሻጩ «አልቀበልም» ካለ ምስክር ቁጠሩ፤ ገንዘቡ በፍርድ ቤት በኩል እንዲቀመጥ ማመልከትም ይቻላል።

3. ሽማግሌ ብትቀመጡ ውሉ በሽማግሌዎቹ ፊት ይነበብ። የታረቃችሁበትም ቃል ይጻፍ።

4. በሽማግሌ ካልሆነ ውሉንና ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፍርድ ቤት ሂዱ።

አንድ ነገር እንጨምር። ያው ሕግ በቁጥር 1728 ማንበብ ለማይችል ሰው ይከላከልለታል። አሻራው ወይም ፊርማው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። እናንተ ግን ከእንግዲህ ማንበብ የምትችሉ ናችሁ። «አላነበብኩትም፤ ፈርሚ ሲሉኝ ፈረምኩ» ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ፊርማችሁ ዛሬ ክብደት አለው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የተጻፈ ክፉ ውልም ለልጅ ይተርፋል። ስለዚህ ስማችሁን ከመጻፋችሁ በፊት ከስማችሁ በላይ የተጻፈውን አንብቡ።