«በዘር ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው?
ስለ አዋቂዎች አስምና አለርጂ ለአጥቢያ የጤና አስተማሪዎች የተደረገ ንግግር



በየአጥቢያው ስለ ጤና ስናስተምር ደጋግሞ የሚገጥመን ጥያቄ አለ፤ «አስም በዘር ይተላለፋልን?» የሚል ነው። ጥያቄው ከዕውቀት ፍላጎት ብቻ የሚመነጭ አይደለም። ሽማግሌ ሊልኩ ያሰቡ ቤተሰቦች የልጅቱ እናት አስም እንዳለባት ሲሰሙ ይጠይቁናል። በአርባ ዓመቱ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ደግሞ «ከአባቴ የወረስሁት ከሆነ መድኃኒት ምን ይፈይድልኛል?» ይለናል። መልሳችን ትዳርንም ሕክምናንም የሚነካ ነውና በጥንቃቄ ልንሰጠው ይገባል።

አዎን፣ ዘር ድርሻ አለው። አስም ያለባቸው ወላጆች ልጆች ከሌሎች ይልቅ ለበሽታው የተጋለጡ ናቸው። ሆኖም የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ፍጹም ተመሳሳይ የሆኑ መንትዮች ዘረመላቸው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ታምሞ ሌላው በጤና ሲኖር ይታያል። አስምን ለብቻው የሚያመጣ አንድ ዘረመል የለም፤ ያሉት እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚጨምሩ ብዙ ልዩነቶች ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ይህ ነው፤ በልጅነት የሚጀምር አስምና በጉልምስና የሚጀምር አስም በስም አንድ ቢሆኑም በዘር ረገድ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ ከልጆች አስም ጋር የተያያዘ ሥፍራ አገኙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከ10,000 በላይ ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ሲታተም፣ ያ ሥፍራ የተያያዘው በልጅነት ከጀመረው አስም ጋር ብቻ ሆኖ ተገኘ። የታወቁት ልዩነቶች በአንድነት ተደምረው እንኳ ማን እንደሚታመም አስቀድሞ ለመናገር አልበቁም። በጉልምስና በሚጀምረው አስም የዘር ድርሻ ያንሳል፤ የዳቦ ቤት ዱቄት ብናኝ፣ የፋብሪካ አቧራ፣ ትምባሆና የመሳሰሉት ሊታሰቡ ይገባል።

ሌላም አለ። አብዛኞቹ ጥናቶች የተሠሩት በአውሮፓውያን ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያጎድሉ የዘር ለውጦች በአውሮፓ ለችፌ ዋነኛ የዘር ምክንያት ሆነው ተገኝተዋል፤ ችፌ ያለባቸውም ብዙዎች ኋላ አስም ይከተላቸዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ችፌ ባለባቸው ኢትዮጵያውያን ላይ ሲፈትሽ፣ ከአንድ አዲስ ለውጥ በቀር እነዚያን የታወቁ ለውጦች አላገኘም። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ ዘመድ በምራቅ ምርመራ ያገኘውን ውጤት ይዞ «እኛ ቤት የለም» ወይም «እኛ ቤት አለ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ አትቸኩሉ።

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ጥናት ደግሞ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ በከተማው ከገጠሩ ይልቅ እንደሚበዛ አሳየ። በከተማና በገጠር ቅርብ ለቅርብ በሚኖር ሕዝብ መካከል ለሚታይ እንዲህ ያለ ልዩነት በዘር ብቻ ምክንያት መስጠት ያስቸግራል፤ አኗኗር ይጠየቃል። በዚያው በጅማ በተደረገ ሌላ ጥናት በቤት ውስጥ ላምባ መጠቀም ከአለርጂ መጨመር ጋር ተያይዞ ታይቷል።

እንግዲህ ለሽማግሌ ላኪዎቹ የምንመልሰው፣ የእናቲቱ አስም ትዳርን የሚያስቀር ምክንያት አይደለም ብለን ነው። ለአርባ ዓመቱ ሰውም፦ የሚሳበው መድኃኒት የሚሠራው በቧንቧው እብጠት ላይ ነው፤ በሽታው ከየት መጣ ብሎ አይመርጥም። በየቀኑ የሚወሰደውን «ተሽሎኛል» ብሎ ማቆም ግን ብዙዎችን ለድንገተኛ ክፍል ዳርጓል። ጸበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ።

ስለ ዕጣን መጠየቃችሁ አይቀርም። ማንኛውም ጭስ አስም ያለበትን ሰው ሊቀሰቅስበት ይችላል። በማኅሌት ሌሊት እንዲህ ያለውን ዲያቆን ወይም ምእመን ነፋስ በሚገባበት በር አጠገብ ማቆምና መድኃኒቱ በኪሱ መኖሩን መጠየቅ ለአጥቢያው የሚከብድ ሥራ አይደለም።