ስለ ትምህርት ወጪና ስለ ዕዳ
(ከአበርገሌ የመጣን ተማሪዎች በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ያሰማነው ንግግር)



በፊታችሁ የቆምነው ከዋግ ኽምራ፥ ከአበርገሌ ቆላ የመጣን ተማሪዎች ነን። አገራችን በፍየሏና በማሯ የታወቀች ስትሆን ዝናሟ ግን ጥቂት ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን እዚህ የደረስነው ወላጆቻችን ፍየል ሸጠው በሰጡን የመንገድ ገንዘብ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነትም የስንቱን ቤት ከብት አስጨርሷል፤ ስንቱንም ወደ ሰቆጣ አሰድዷል። እንግዲህ ስለ ዕዳ የምንናገረው በቤታችን ያየነውን ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከኀምሳ ዓመት በላይ ተማሪው በመንግሥት ወጪ ይማር ነበር። በ1996 ዓ.ም. ግን የወጪ መጋራት ደንብ በሥራ ላይ ዋለ። ደንቡ ሲወጣ ተማሪው ከማስተማሪያው ወጪ ከመቶ 15 እጁን፥ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ በሙሉ እንዲችል ወሰነ። ክፍያው ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ ከመቶ 10 እየተቀነሰ፥ ከ15 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ እንዲያልቅ ተደረገ። በመምህርነት የሚያገለግል ሰው ዕዳውን በአገልግሎቱ እንዲከፍልም ተፈቀደ። አውስትራልያም እ.ኤ.አ. በ1989 ይህን የመሰለ፥ ከገቢ ጋር የተያያዘ አከፋፈል ጀምራለች።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ውሉን ሳናነብ መፈረማችን ነው። ከመካከላችን አንዱ በመጀመሪያው ዓመት «የዕዳ ወረቀት ፈረምሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ስልክ ደወለ። አባቱ ነገሩን ሲሰሙ ልጄ በዕዳ ሊያዝብኝ ነው ብለው ደነገጡ፤ ለማንም ሳይናገሩ ከአንድ ነጋዴ በአራጣ ተበድረው ገንዘብ ላኩለት። ልጁ ሥራ ሲይዝ ቀስ እያለ የሚከፍለውን ዕዳ ለማውረድ፥ አባት መከር ሳይገባ በር የሚያንኳኳ ዕዳ ውስጥ ገቡ። ጥፋቱ የአባት አይደለም፤ ያላነበብነውንና ያላስረዳነውን የእኛ ነው።

ዕዳ ሁሉ አንድ አይደለም። ለምሳሌ 36,000 ብር የወጪ መጋራት ዕዳ ያለበትና በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሰው፥ በወር 600 ብር ቢከፍል በ60 ወር ይጨርሳል። ይህ ይከብዳል እንጂ አይገድልም። የሚገድለው አራጣው፥ የሱቁ ዱቤና ከጓደኛ ተወስዶ የሚረሳው ብድር ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ውሉን አንብበን እንፈርም። ደንቡ ከወጣ በኋላ ተሻሽሏልና ዛሬ የምንፈርመውን እንጂ የሰማነውን አንመን። ቅጂውንም እናስቀምጥ፤ በየዓመቱ የተጨመረውን ሒሳብ እንደምር።

ሁለተኛ፤ ምግቡን ትቶ ገንዘቡን በእጁ የሚቀበል ተማሪ አስቀድሞ ወሩን በቀን ያካፍል። ገንዘቡ በ10 ቀን ካለቀ የቀሩት 20 ቀኖች በዱቤ ይበላሉ።

ሦስተኛ፤ መጽሐፍና ኮምፒዩተር በጋራ እንጠቀም። ዕቁብና ዕድር ያቋቋመ ሕዝብ ልጆች ሆነን ለየብቻ መቸገራችን ያሳፍራል።

አራተኛ፤ ማኅበራችን አንድ የመረዳጃ ሣጥን ያቁም። እያንዳንዳችን በየወሩ ጥቂት ብር እናዋጣ። ለሕመምና ለመንገድ ብቻ፥ ያለ ወለድ፥ በተመረጡ ሦስት ሰዎች ፊርማ ይሰጥ፤ ሒሳቡም በየወሩ በዚህ ጋዜጣ ይነገር።

መምህራኖቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን፤ አዲስ ተማሪ ሲገባ ውሉን በአማርኛም በኽምጣጘም የሚያስረዳው ሰው ይገኝለት።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። የዚያ ጓደኛችን አባት አራጣውን ለመክፈል የቀሯቸውን ፍየሎች ሸጠዋል። ሁለተኛ አባት እንዲህ እንዳይሸጥ፥ ሣጥኑ ከዛሬው ስብሰባ ይጀመር፤ የመጀመሪያውንም መዋጮ እኛ ይዘን መጥተናል።