ከሴንተሩ ጀርባ

ዛሬ ስለ አሜሪካን ፉትቦል ነው የማወራችሁ። አዎ፣ እዚሁ አፉላ። ኢየሩሳሌም ያሉት የክራፍት ስታዲየም አላቸው፤ እኛ ጊቭዓት ሃሞሬ ላይ ግማሹ የደረቀ ሣር አለን። ዓርብ ጠዋት የሰፈር ልጆችን አሠለጥናለሁ። መጋጨት የለም፤ ወገብ ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ መንጠቅ ነው። በ2028 ሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ላይ የሚገባው ይሄኛው ነው።

አንድ ቀን አያቴ ከገበያ ስትመለስ አየችን። አንዱ ልጅ ኳሱን ይዞ አጎንብሷል፣ ሌላው ከኋላው ተጠግቶ እጁን ከሥሩ ዘርግቷል። «ኧረ ተው ልጄ፣ ይሄ ደግሞ የምን ጨዋታ ነው?» አለችኝ። ያጎነበሰው ሴንተር ይባላል፣ ከኋላው ያለው ኳርተርባክ፤ ጨዋታውን የሚመራው እሱ ነው። ልጆቹም የሚያፍሩት እዚያ ላይ ነው። አፍረው እጃቸውን ቶሎ ይስባሉ፣ ኳሱ መሬት ይወድቃል።

በጨርቁ ጨዋታ ኳሱን ብዙ ጊዜ ራቅ ብለው ነው የሚቀበሉት። እኔ ግን መጀመሪያ ተጠግተው እንዲቀበሉ አደርጋለሁ፤ እግር የሚታረመው እዚያ ነው። እግር በትከሻ ስፋት፣ ጉልበት እጥፍ፣ ክብደት ተረከዝ ላይ ሳይሆን ወደ ጣቶች። የምትወረውሩበት እጅ ከላይ ሆኖ ሴንተሩን ወደ ላይ ጫን ይላል፤ ኳሱ የት እንደሚመጣ የሚያውቀው በዚያ ነው። ሌላው እጅ ከሥር፣ የሁለቱ መዳፎች ግርጌ ተገናኝቶ። ክርናችሁን አታድርቁት፤ ሴንተሩ ኳሱን ሲሰጥ ወደፊት ይራመዳል፣ እጃችሁ ትንሽ ይከተለው። ኳሱ መዳፍ ሳይመታ እጅ አይወጣም። ከዚያ ወደ ሆድ ሳብ።

በቀኝ የምትወረውሩ በግራ እግር ገፍታችሁ በቀኝ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ፦ ቀኝ ረዥም፣ ግራ ተሻግሮ፣ ቀኝ ተተክሎ። ሦስት እርምጃ፣ ውርወራ። ሁሉም የሚሳሳተው ወደ ኋላ ከመሄዱ በፊት አንድ እግር ወደፊት ማንሳት ነው። ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ጊዜ ትበላለች፤ የሴንተሩንም እግር ያስረግጣል። መሬቱ ላይ በኖራ መስመር አሰምራለሁ፣ መስመሩን የረገጠ ለሁሉም ጋርዒኒም ይገዛል። አፉላ ነው እኮ።

ከእግር ይልቅ የከበደኝ ዓይን ነው። አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አለ፣ እጁ ወርቅ ነው፣ ዓይኑ ግን መሬት መሬት ያያል። ቤታችን ታላቅ ሲናገር ዓይን ይሰበራል፤ አክብሮት ነው። ኳርተርባክ ግን ኳሱን አያይም፣ ተከላካዮቹን ነው የሚያየው፤ ጮክ ብሎም ያዛል።

እኔ ስጀምር አሰልጣኜ አንድ ኳስ እንኳ ሳያስወረውረኝ «አንተ ፈጣን ነህ፣ ሯጭ ትሆናለህ» አለኝ። ምስጋና መስሎኝ ነበር። አሜሪካም ጥቁሮች ይህን ለብዙ ዓመት ሰምተዋል፤ ይሮጣሉ እንጂ አይመሩም ተብለው። ዋረን ሙን በ1978 ሮዝ ቦውልን አሸንፎ እንኳ በኤንኤፍኤል ምርጫ ማንም ስሙን አልጠራም። ካናዳ ሄዶ ስድስት ዓመት ተጫወተ፤ በ2006 የዝና አዳራሽ ገባ። ዳግ ዊልያምስ በጥር 1988 ሱፐር ቦውልን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ። ማሆምስና ኸርትስ በ2023 ሲገጥሙ ደግሞ የሁለቱም ቡድን ኳርተርባክ ጥቁር የሆነበት የመጀመሪያው ሱፐር ቦውል ነበር።

ስለዚህ ልጅ ሲመጣ ፍጥነቱን አልለካም። ሁሉም በተራ ከሴንተሩ ጀርባ ይቆማል፣ ሴቶቹም።

ባለፈው ዓርብ ያ ልጅ ቀና ብሎ አየ፣ ጮኸ፣ አያቴ ሳትቀር ከአጥሩ ማዶ ዞር አለች። ኳሱ አመለጠው። አነሳውና ለሴንተሩ «እንደገና» አለው፤ እኔን አልጠየቀኝም።

ዓርብ ጠዋት አፉላ ከሆናችሁ ኑ። ውሃ ያዙ፣ የኤሜቅ ፀሐይ አትምርም።