በደሉ በግልጽ ይነገር

አቅራቢ 1፦ በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በግጭቱ አጣዬ ከተማ ነደደች፤ ሸዋ ሮቢትም ደም ፈሰሰባት። ከዚያ ወዲህ የእርቅ ስብሰባ አልጠፋም። አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨብጭቦ ይለያያል፤ ቂሙ ግን አይወጣም።

አቅራቢ 2፦ ልክ ነሽ እህቴ። እኔ የማምነው ጥቂት ሆኖ ቁጭ ብሎ መነጋገርን ነው። አበጋር የሚባሉት የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች ያውቁበታል፤ የበዳይም የተበዳይም ወገን ዱዓው ላይ ይቀመጣል፣ ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ በደሉ ይነገራል። ካሳው ሳይቆረጥ እርቅ የለም።

አቅራቢ 1፦ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በሰንበቴ የእሁድ ገበያ ይገናኛሉ። ቄሱና ሼሁ እነዚሁን ሰዎች አንድ ግቢ ያስቀምጧቸው። ልጇን ያጣች እናት ቀድማ ትናገር።

አቅራቢ 2፦ ማንም ሳያቋርጣት! «ሁላችንም ተጎድተናል» ብሎ ቶሎ መዝጋት ቁስሉን ያመረቅዘዋል።

አቅራቢ 1፦ ወጣቶቹም ይጠሩ ወንድሜ፤ ጠመንጃው እነሱ እጅ ነው።