ከምድር ቤት ወደ ፎቅ፦ ገመዱ በየት ይለፍ?

ራውተሩ ምድር ቤት ተቀምጦ ልጆቹ ከፎቅ «ዋይፋዩ አይደርስም!» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ጥፋቱ የራውተሩ ላይሆን ይችላል። መሐል ያለው ሶሌታ ፌሮና አርማታ ነው፤ ሞገዱን ያዳክመዋል። መፍትሔው የኔትዎርክ ገመድ መሳብ ነው፤ አንዱ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያገለግላል።

ግን በየት በኩል? ብዙ ሰው የሚቸኩለው ሶሌታውን ለመብሳት ነው። ቆዩ! ፌሮ ከተቆረጠ የቤቱ ጥንካሬ ይጎዳል። ኮለንና ቢምማ ጨርሶ አይነካም። የሚሻለው ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት የፕላስቲክ ቱቦ ማስቀበር ነው። ውስጡ ቀጭን ሽቦ ይተውበት። ያቺ ሽቦ ወርቅ ናት፦ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ገመዱን ጫፏ ላይ አስራችሁ፣ አንዱ ከታች እየለቀቀ ሌላው ከላይ ይስባል። ቱቦው እንደ ክርን ከታጠፈ ግን ሁለት ጎረምሳ ቢስበውም አይነቃነቅም፤ መታጠፊያው ለስለስ፣ ሰፋ ይበል።

ቤቱ አልቆ ከሆነስ? በደረጃው ግድግዳ ጥግ፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ መሸፈኛ አሳልፉት። «አያምርም» ትሉኝ ይሆናል፤ ከተፈረካከሰ ልስን ግን በስንት ጣዕሙ!

የኔትዎርኩን ገመድ 220 ቮልት ካለበት ቱቦ ውስጥ አትክተቱ። ግድግዳ ስትበሱም ብሬከሩን አጥፉ።

ገና በመሥራት ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት የቱቦዎቹን መስመር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።