ስለ ጊዜ ማነስና ስለ ልብ ዕረፍት
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ከፊታችሁ ቆመን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ታላቅ ነው። በእንዲህ ያለው በዓል ተማሪ ሲናገር «ጊዜ ወርቅ ነውና አንዲት ደቂቃ እንኳ አትባክን» ማለት የተለመደ ነው። ምክሩ መልካም ነው። እኛ ግን ዛሬ፥ ጊዜ ለሁሉ ነገር እንደማይበቃ አምኖ በሰላም ስለ መሥራት ጥቂት ልንናገር ወደናል።

ጭንቀታችን ከየት እንደ መጣ ታውቃላችሁ። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ትምህርት ተቋረጠ፤ ብዙ ቤተሰብም ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ። የዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር፥ በመላው አገሪቱ ከተፈተኑት መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ «የጠፋውን ጊዜ መልሱ» የሚለው ቃል ከጆሯችን አልራቀም። የሚሉን ወዳጆቻችን ናቸው፤ ነገር ግን ያለፈ ቀን አይመለስም።

ከመካከላችን አንዱ ሌሊቱን ሁሉ ሲያጠና አድሮ፥ በማግሥቱ ማሽላ ሊጠብቅ ማማ ላይ ወጣ። እዚያም ደብተሩን ዘረጋ። ወዲያው እንቅልፍ ጣለው። ግሪሳው መጥቶ ማሽላውን ጎዳው፤ ከትምህርቱም አንድ መስመር አልተያዘም። አባቱ ሳይቆጡ «ልጄ፥ ሌሊት ተኝተህ ቢሆን ቀን ትነቃ ነበር፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉት። በጊዜው ሳቅን፤ ቃሉ ግን በልባችን ቀረ።

የይፋት ቆላ ራሱ መምህራችን ነው። ገበሬው ጎሕ ሲቀድ ሥራ ይጀምራል፤ ፀሐይ ስትበረታ ከዛፍ ጥላ ሥር ያርፋል፤ ሰነፍ ነው የሚለው የለም። ማሾ በሁለትና በሦስት ወር ይደርሳል፤ በሚያዝያ የተዘራ ማሽላ ግን እስከ ኅዳር ይጠበቃል። ማሽላውን «እንደ ማሾ ፍጠን» ብሎ የሚቆጣ ገበሬ አላየንም። ቀኑም ቢሆን፥ በሰኔና በታኅሣሥ ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ለጎበዙም ለደካማውም የተሰጠው ይኸው ነው።

ሥራ ማቆምም በአገራችን ክብር ያለው ነገር ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1450 ዓ.ም.፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ በሸዋ በደብረ ምጥማቅ የተሰበሰበው ጉባኤ ቅዳሜም እንደ እሑድ እንዲከበር ወሰነ። አባቶች ስለ ዕረፍት ቀን ብዙ ዘመን የተከራከሩት ሥራ ጠልተው አልነበረም። ሙስሊም ወገኖቻችንም በቀን አምስት ጊዜ ሥራቸውን ትተው ይሰግዳሉ፤ ሲመለሱ ሥራው በቦታው ይጠብቃቸዋል።

ይህን የምንለው ለስንፍና ምክንያት ስንፈልግ አይደለም። ሁሉን ማንበብ ባንችል፥ የሚበልጠውን መርጠን በሚገባ እናንብብ፤ የመኝታ ሰዓታችንን እናክብር፤ እናታችንን ስናግዝ ያለፈውን ጊዜ እንደ ጠፋ አንቍጠረው።

ወላጆቻችን ሆይ፥ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ውጤት በመጣ ቀን፥ ቍጥሩን ከመጠየቃችሁ በፊት ልጃችሁን አስቀምጡና ውሃ ስጡት። መልካም ከሆነ አብራችሁን ደስ ይበላችሁ፤ ካልሆነም ማሽላው ገና በእርሻው ላይ ነው በሉን።